በደሴ ተዳፋት ላይ አንድ ሜዳ ስንት ያወጣል? የሕዝብ ገንዘብ ለስፖርት ሲውል የሚያስገኘውና የማያስገኘው

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባና አዲሱ የበጀት ዓመት ሲጀምር፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ውስጥ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። «መንገዱ ሳይጠገን፣ ውሃው ሳይዳረስ፣ ለኳስ ገንዘብ ይመደባል እንዴ?» የሚል አለ፤ «ወጣቱ የሚውልበት ሜዳ አጥቶ ወዴት ይሂድ?» ብሎ የሚመልስም አለ። ክርክሩ የማያልቀው ከሁለቱ አንዱ ስለተሳሳተ ሳይሆን የሚነጋገሩት ስለተለያየ ነገር ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ሰው በልቡ የያዘው የክለብ ተጫዋቾችን ደመወዝ ሲሆን የሁለተኛው ሐሳብ ያለው የሰፈር ሜዳ ላይ ነው። ሁለቱ ወጪዎች በበጀት መዝገብ ላይ «ስፖርት» በሚል አንድ ስም ቢጠሩም፣ የሚጠቀምባቸው ሰውም ሆነ ጥቅማቸው የሚታይበት ጊዜ ፈጽሞ አይገናኝም። ይህ ማብራሪያ ያንን አንድ ስም ፈታ አድርጎ ውስጡን ለማሳየት የተጻፈ ነው።

«የሕዝብ ገንዘብ ለስፖርት ዋለ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚታየው ጥሬ ብር ነው። የከተማ አስተዳደር ለስፖርት የሚያወጣው ግን ሦስት መልክ አለው። አንደኛው በእርግጥ ብር ነው፤ ሜዳ ይደለደልበታል፣ ኳስና መረብ ይገዛበታል፣ ክለብ ይደጎምበታል። ሁለተኛው ሰው ነው፤ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩም፣ የታዳጊዎች ፕሮጀክት አሰልጣኙም፣ የሜዳው ጥበቃም ደመወዛቸው የሚከፈለው ከግብር ነው። ሦስተኛው መሬት ነው። መሬት በስፖርት በጀት ላይ እንደ ወጪ ስለማይጻፍ በነጻ የተገኘ ይመስላል፤ ዛሬ ለሜዳ የተተወ ቦታ ግን በሊዝ ወጥቶ ለከተማው ገቢ ሊያስገባ ይችል የነበረ ቦታ ነው። አንድን ነገር ስንመርጥ የምንተወው ሌላው ነገር የመረጥነው ነገር ዋጋ አካል ነውና፣ መሬቱ ሳይቆጠር የሜዳ ዋጋ አይታወቅም።

ብሩም ቢሆን ሁለት ኪስ አለው። «ካፒታል በጀት» የሚባለው አዲስ ነገር የሚገነባበት ሲሆን፣ «መደበኛ በጀት» የሚባለው የተገነባው ነገር ውሎ እንዲያድር የሚያደርገው ነው፤ ደመወዝ፣ ውሃ፣ መብራትና ጥገና ከዚህኛው ይወጣሉ። ቤት የሠራ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ቆርቆሮ ማልበስ የአንድ ሰሞን ሥራ ነው፤ ጣሪያው እንዳያፈስ መጠበቅ ግን እስከ ዕድሜ ልክ ነው። በስፖርት ላይ ከምናያቸው ኪሳራዎች ብዙዎቹ የሚመጡት የመጀመሪያው ኪስ ሞልቶ ሁለተኛው ሲራቆት ስለሆነ፣ ወደዚህ ጉዳይ መመለሴ አይቀርም።

ገንዘቡ ለማን ሊውል እንደታሰበ ደግሞ የተጻፈ ነገር አለ። ሀገሪቱ በ1990 ዓ.ም. ያወጣችው የስፖርት ፖሊሲ ሕዝቡ በሚኖርበት፣ በሚማርበትና በሚሠራበት አካባቢ በስፖርት እንዲሳተፍ ማድረግን ዓላማው አድርጎ ይነሣል። ከዋንጫና ከሜዳሊያ በፊት የተቀመጠው ይህ ነው።

ደሴ ላይ ከብሩ ይልቅ መሬቱ ለምን ይወደዳል?

ደሴን የሚያውቅ ሰው መልሱን በእግሩ ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተጣብቃ ተቀምጣለች፤ ወደ ጎን ልስፋ ብትል ወይ ዳገት ወይ ገደል ያጋጥማታል። ለጥ ያለው መሬት ጥቂት ነው፤ ያንኑ ጥቂት መሬት ደግሞ መኖሪያ ቤቱም፣ መናኸሪያውም፣ ገበያውም፣ ትምህርት ቤቱም ይሻሙበታል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በዙሪያዋ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ጋር 151,174 ሰው የተቆጠረባት ይህች ከተማ ከዚያ ወዲህ ሰው ስትጨምር ኖራለች፤ ሜዳ መሬቷ ግን ያው የድሮው ነው።

ደረጃውን የጠበቀ የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር፣ ማለትም 7,140 ካሬ ሜትር ነው። በዙሪያው ስምንት መስመር ያለው የ400 ሜትር የመሮጫ መም ከተጨመረበት ከ16,000 ካሬ ሜትር በላይ ይጠይቃል። ይህን ያህል ቦታ ተዳፋት ላይ ለማግኘት ላይኛውን ቆርጦ ታችኛውን መሙላት፣ የተሞላውን በድጋፍ ግንብ መያዝ፣ የክረምቱን ጎርፍ በቦይ አሳልፎ መስደድ ያስፈልጋል። አዳማ ወይም ሐዋሳ ላይ ሣር ለመትከል የሚበቃ ገንዘብ ደሴ ላይ ገና አፈር ሲቆረጥ ሊያልቅ ይችላል።

የሰፈር ልጆች ይህን ችግር ከመሐንዲስ ቀድመው አውቀውታል። ዳገቱ ላይ በተገኘች ገላጣ ቦታ ሁለት ሁለት ድንጋይ ለጎል ያቆሙና፣ በታች በኩል አንድ ትንሽ ልጅ ያሰልፋሉ፤ ሥራው ኳሷ ቁልቁል ስትፈተለክ ሮጦ ማምጣት ነው። በዕረፍት ሰዓት ጎል መቀያየር የማይታለፍ ሕግ ነው፤ ቁልቁል የሚያጠቃው ቡድን ሁሌም ይበልጣልና። እኔም ኳስ መላሽ ሆኜ ጥቂት ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ ጨዋታው ውስጥ የምገባው ከትልልቆቹ አንዱ ሲደክመው ብቻ ነበር።

አንድ ቀላል ስሌት ልጨምር። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር ነው፤ በየአቅጣጫው 3 ሜትር መፈናፈኛ ሲተውለት 24 በ15 ይሆናል። በአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ስፋት ላይ እንዲህ ያሉ 16 ሜዳዎች ይገባሉ። እግር ኳሱ በአንድ ጊዜ 22 ሰው ያጫውታል፤ 16ቱ የመረብ ኳስ ሜዳዎች ግን 192። ከዚህም በላይ 16ቱ አንድ ቦታ መሰብሰብ የለባቸውም፤ አንዱ ሸዋበር፣ ሌላው ቧንቧ ውሃ፣ ሌላው አንድ ትምህርት ቤት ጓሮ፣ እንደ እርከን ደረጃ በደረጃ ሊሠሩ ይችላሉ። እግር ኳስ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ይቅር ብልስ ማን ይሰማኛል? ነገር ግን «ስፖርት» በተባለ ቁጥር እግር ኳስ ብቻ እየታየን መሬቱ የማይችለውን ስንጠይቀው ኖረናል።

ከሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በታች፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ ችግሯ ሌላ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ የቦርከና ወንዝ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ ያረፈች ስለሆነች የሚለጠጥ መሬት አላት፤ ያ መሬት ግን በፋብሪካ ይፈለጋል። ሁለቱን ከተሞች እንደ አንድ ሠፈር ቆጥሮ «ትልቁን ሜዳ የት፣ ትንንሾቹን የት እናድርግ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በተግባር ግን ሁለት ከተማ ሲባል ሁለት ምክር ቤትና ሁለት በጀት ማለት ነውና፣ ጥያቄው ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይቀራል።

የሚጫወተው ሰው ራሱ ለምን አይከፍልም?

ተገቢ ጥያቄ ነው። ለጂም የሚከፍል ሰው አለ፤ ለኳስ ሜዳም በሰዓት ተከራይቶ የሚጫወት አለ። ታዲያ መንግሥት ምን አገባው?

መልሱ ያለው እርከን ላይ ነው። በወሎ ተዳፋት ላይ የሚያርስ ገበሬ ማሳው ላይ እርከን ሲሠራ የሚድነው የእርሱ አፈር ብቻ አይደለም፤ ከበታቹ ያለው ጎረቤት ማሳም ከጎርፍ ይተርፋል፣ ከዚያም በታች ያለው ምንጭ ይጎለብታል። ድካሙ የአንድ ሰው፣ ጥቅሙ የብዙዎች ነው። እያንዳንዱ ገበሬ የራሱን ጥቅም ብቻ አስልቶ ቢሠራ ግን ለተራራው ሁሉ ከሚያስፈልገው ያነሰ እርከን ይሠራል። የተፋሰስ ሥራ በየዓመቱ በዘመቻ የሚሠራው ለዚህ ነው። በስፖርትም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሰው በመንቀሳቀሱ የሚያገኘው ጤና የራሱ ቢሆንም፣ ባለመታመሙ የሚቀረው የሐኪም ቤት ወረፋ፣ የሚድነው የመድኃኒት ወጪ፣ ከሥራ የማይቀርበት ቀን ለቤተሰቡም ለከተማውም ነው። ሰው ሁሉ በግሉ ከፍሎ ይጫወት ቢባል የሚጫወተው ሰው ቁጥር ለከተማው ከሚበጀው በታች ይሆናል፤ መጀመሪያ የሚቀሩት ደግሞ የቀን ሠራተኛ ልጆች ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ልጅ ደግሞ በቀን 60 ደቂቃ ያህል ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ይመክራል። በ2022 እ.ኤ.አ. ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው፣ ማለትም 1.8 ቢሊዮን ያህሉ፣ ከዚህ መጠን በታች ነበሩ። ሁኔታው ካልተለወጠ ከ2020 እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በልብ ሕመም፣ በስኳርና በመሳሰሉት በሽታዎች እንደሚያዝና፣ ይህም በየዓመቱ 27 ቢሊዮን ዶላር ያህል የሕክምና ወጪ እንደሚያስከትል ድርጅቱ አስልቷል። እነዚህ የሀብታም ሀገር በሽታዎች ናቸው ማለት ቀርቷል፤ በኢትዮጵያም ከ10 ሞት ወደ 4 የሚጠጋው ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች የሚመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «የደሴ ሰው ዳገት ሲወጣ ሲወርድ ውሎ ሌላ ስፖርት ምን ያደርግለታል?» ሊለኝ ይችላል። እውነት አለው። ድርጅቱ ከሚቆጥራቸው እንቅስቃሴዎች ውስጥ በእግር መሄድና ሸክም መሸከምም ይገኙበታል፤ ከሰኞ ገበያ እህል ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው የጂም ምክር አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ዛሬ ያንን ዳገት ባጃጅ ይወጣዋል፤ ሱቅ ጠባቂው፣ ሹፌሩ፣ የቢሮ ሠራተኛውና ስልኩ ላይ የተደፋው ተማሪ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ።

ስታዲየም ከተማን ያበለጽጋል?

በዚህ ጉዳይ ላይ በብዙ ሀገር የተሠሩ የኢኮኖሚ ጥናቶች ድምዳሜ፣ ስታዲየም ሲመረቅ ከሚደረጉት ንግግሮች ጋር አይስማማም። አብዛኞቹ ትልቅ ስታዲየም በራሱ የከተማን ገቢ በሚታይ መጠን እንደማያሳድግ ነው የሚያሳዩት። ምክንያቱን ለመረዳት አዲስ የመጣን ብር ቦታ ከቀየረ ብር መለየት ያስፈልጋል።

አንድ የደሴ ነዋሪ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 50 ብር ከፍሎ ጨዋታ ቢያይ፣ ያ 50 ብር ከሰማይ አልወረደም፤ ጨዋታው ባይኖር ኖሮ ሻይ ቤት ወይም ፊልም ቤት ይገባ ነበር። ከተማው አላተረፈም፣ ብሩ ኪስ ቀየረ እንጂ። ከወልዲያ ወይም ከደብረ ብርሃን የመጣ ደጋፊ አልጋ ሲከራይ፣ ምሳ ሲበላ፣ ባጃጅ ሲሳፈር ግን ለደሴ አዲስ ብር ገባ። ስለዚህ «ስታዲየሙ ስንት ሰው ይይዛል?» ከሚለው ይልቅ «ከውጭ መጥቶ የሚያድረው ሰው ስንት ነው? በዓመትስ ስንት ቀን ይመጣል?» የሚለው ይበልጥ ያስረዳል። በሊግ ጨዋታ ይህ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ሜዳው የሚከፈተው ከ365 ቀን ውስጥ በጥቂቱ ብቻ ነው።

የዓለም ተሞክሮም ይህንኑ ይላል። የካናዳዋ ሞንትሪያል በ1976 እ.ኤ.አ. ላዘጋጀችው ኦሊምፒክ የተበደረችው ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2006 ነው፤ ስታዲየሙ ሲመረቅ የተወለደ ልጅ 30 ዓመት ሞልቶት ማለት ነው። ብራዚል ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ በአማዞን ጫካ መካከል፣ ማናውስ ላይ ከ40,000 በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ሠራች፤ የተካሄዱበት የዓለም ዋንጫ ጨዋታዎች አራት ብቻ ሲሆኑ፣ ውድድሩ ሲያልቅ ከተማዋ ስታዲየሙን የሚሞላ የአንደኛ ሊግ ክለብ እንኳን አልነበራትም።

ከስታዲየም በላይ ለእኛ የሚቀርበው የክለብ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ከፍተኛ እርከን ላይ የሚጫወቱ ክለቦች አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደሮች ወይም በመንግሥት ድርጅቶች የሚተዳደሩ ናቸው፤ ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው በከፍተኛ ሊግ የምናውቃቸው ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻም ከስማቸው ጀምሮ የአካባቢያቸው ናቸው። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አውጥቶ ነበር። ለስሌት ያህል ብቻ፣ 25 ተጫዋቾችን በዚያ ጣሪያ የሚቀጥር ክለብ በወር 1,250,000፣ በዓመት 15 ሚሊዮን ብር ለተጫዋች ደመወዝ ያወጣል። ከሁለቱ ከተሞች የየትኛውም ክለብ ሒሳብ ይህ አይደለም፤ መጠኑን ለማሳየት ነው። ብሩ የት ይደርሳል? ተጫዋቾቹ የከተማው ልጆች ከሆኑ አብዛኛው እዚሁ ይዞራል፤ በየክረምቱ በዝውውር ከሌላ ቦታ የሚመጡ ከሆኑ ግን ቤተሰባቸው ወዳለበት ይሄዳል።

ሌላም ነገር አለ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ በአብዛኛው የሚካሄደው የቴሌቪዥን ሥርጭትን በሚያስተናግዱ ጥቂት የተመረጡ ከተሞች ነው፤ እንደ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋና ባሕር ዳር ባሉት። ክለቦቹ ሁሉ ወደ አንድ ከተማ ይሄዱና ለሳምንታት እዚያው አልጋ ይዘው ይጫወታሉ። ይህ ማለት አንድ ከተማ ክለቡን ወደ ላይ ለማውጣት ገንዘብ ሲያፈስ፣ የሆቴሉን ገቢ የሚያገኘው ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። ደጋፊውም የራሱን ቡድን በቴሌቪዥን ያያል። ክለብ ለከተማ ስም፣ ኩራትና ደስታ አያመጣም አላልኩም፤ ያመጣል፤ ቡድኔ ሲያሸንፍ የማደርገውን ቢያዩ በኢኮኖሚ ስሌት የምናገር ሰው አልመስልዎትም ነበር። ነገር ግን ደስታን «የኢኮኖሚ ጥቅም» ብሎ በጀት ማስጸደቅ አንድን ዕቃ በሌላ ስም እንደመሸጥ ነው።

ታዲያ ጭራሽ ባይሠራስ?

ያም ዋጋ አለው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። በወረቀት ላይ ጨዋታው በሜዳችን የተደረገ ነበር፤ የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በጊዜው ዓለም አቀፍ ጨዋታ ሊያስተናግድ የሚችል ብሎ ያጸደቀው አንድም የኢትዮጵያ ስታዲየም አልነበረም። ጥር 1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን በገዛ ሜዳዋ አዘጋጅታ የበላች ሀገር፣ እንግዳዋን በሰው ሀገር ተቀበለች። ከዚያ በኋላም ሞዛምቢክና ሞሮኮ ላይ «በሜዳችን» ተጫውተናል። የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የሆቴሉና የሜዳው ወጪ የእኛ፤ የጨዋታው ቀን ገበያ የእነርሱ።

ልብ ሊባል የሚገባው ስታዲየም ጠፍቶ አለመሆኑ ነው፤ ኮንክሪት በየክልሉ ቆሟል። የጎደለው የመጫወቻው ሣር ጥራት፣ የተመልካች ወንበር፣ የመልበሻ ክፍል፣ መብራት፣ የመጸዳጃ ቤትና የጋዜጠኞች ቦታ ነበር፤ ማለትም ከሪባን ቆረጣ በኋላ የሚመጡት ነገሮች። ከ60,000 በላይ ሰው እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታም ዓመታትን የወሰደ ነው። ግማሽ ላይ የቆመ ግንባታ ደግሞ ካልተጀመረ ይልቅ ይጎዳል፤ ገንዘቡ ወጥቷል፣ መሬቱ ተይዟል፣ የሚጫወትበት የለም።

ሐረጎን የሚወጡት ልጆች ምን ይነግሩናል?

ማልዶ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ተሳፋሪ፣ ጉሙ ገና ሳይገለጥ፣ በሐረጎ መታጠፊያዎች ላይ ቱታ የለበሱ ልጆች ሲሮጡ ያያል። የሚሮጡት በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው፤ የጭነት መኪና ሲመጣ ወደ ቦዩ ይወርዳሉ፣ ሲያልፍ ይመለሳሉ።

ይህ መንገድ የተፈጥሮ ሀብት ነው። ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው፣ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ሰውነቱ ኦክስጅን የሚያመላልሱ ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል፤ ዝቅ ብሎ ሲለማመድ ደግሞ አየሩ ስለሚበረክትለት በፍጥነት መሮጥ ይችላል። ስለዚህ አሰልጣኞች «ከፍ ብለህ ኑር፣ ዝቅ ብለህ ተለማመድ» ይላሉ። አዲስ አበባ ያሉት ሯጮች እንጦጦና ሱሉልታ ላይ ወጥተው፣ ለፈጣን ልምምድ ወደ አቃቂ ዝቅ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ 650 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ። ኮምቦልቻም ቢሆን በዓለም መለኪያ ከፍተኛ ቦታ መሆኗ ባይካድም፣ በአንድ የሚኒባስ ጉዞ እንዲህ ያለ ልዩነት የሚገኝበት ከተማ ጥቂት ነው።

ከዚህ ሀብት ለመጠቀም የሚያስፈልገው ወጪ ምንድን ነው? ከአስፋልቱ ጎን የተደለደለ አንድ የአፈር መንገድ፣ አንድ የ400 ሜትር መም፣ ደመወዛቸው የማይቋረጥ ሁለት ሦስት አሰልጣኞች። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በቆጂ ዝናዋን ያገኘችው በስታዲየም ሳይሆን በአፈር ሜዳና ልጆቹን ለዓመታት ሳይሰለች በለጋነታቸው በያዘ አሰልጣኝ፣ በስንታየሁ እሸቱ ነው። ገንዘቡም ቀላል አይደለም፤ የቦስተን ማራቶን አሸናፊ 150,000 ዶላር ይሸለማል፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በእግሩ ያገኘውን ወደ ሆቴል ለውጦ ለብዙ ሰው ሥራ ፈጥሯል። ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገር፣ ከመቶ ሯጮች እዚያ የሚደርሰው አንድ እንኳን ላይሆን ይችላል። የሕዝብን ገንዘብ በዚያ አንድ ሰው ተስፋ ብቻ ማውጣት ሎተሪ መቁረጥ ነው፤ የዘጠና ዘጠኙን ጤናና ዲሲፕሊን ከቆጠርን ግን ሒሳቡ ይለወጣል።

መንገድ ራሱ ሜዳ መሆን እንደሚችልም አይተናል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ተሳታፊ ተጀምሮ ዛሬ ከ40,000 በላይ ሰው ያሮጣል፤ ከሕዝብ ሀብት በዋናነት የሚወስደው ለግማሽ ቀን የሚዘጋ መንገድና የፖሊስ ጥበቃ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው»ም አስፋልቱን ለጥቂት ሰዓት ለልጆች ኳስና ብስክሌት ማስረከብ ነው። ስታዲየም ለሌለው ሰፈር እንዲህ ያለው ነገር ወጪው አነስተኛ ነው።

ማኅበራዊ ጥቅም የሚባለውስ?

እዚህ ላይ ብዙ የተጋነነ ይነገራል። «ስፖርት ሱስን ያጠፋል»፣ «ስፖርት ሰላም ያመጣል» የሚሉ መፈክሮች በየሜዳው አጥር ላይ ተጽፈዋል። ኳስ በራሱ ሰላም አያመጣም፤ በደጋፊዎች ጠብ የተቋረጠ ጨዋታ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የሚሠራው ኳሱ ሳይሆን በኳሱ ዙሪያ ያለው ሥርዓት ነው፤ በቋሚ ሰዓት የሚመጣ አሰልጣኝ፣ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሕግ፣ የቀረ ልጅ ሲኖር «ምን ሆነ?» ብሎ ቤቱ ድረስ የሚጠይቅ ሰው። በሌላ አነጋገር፣ ከሦስቱ ወጪዎች መካከል ይህን ጥቅም የሚያስገኘው በዋናነት ሁለተኛው፣ ሰው ላይ የሚወጣው ነው።

በሁለቱ ከተሞች ይህ የሚነካቸው ሰዎች አሉ። በኮምቦልቻ በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢንዱስትሪ ፓርክ የቀጠራቸው ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ስፌት ማሽን ላይ ተጎንብሰው ውለው ማታ ለሦስት ለአራት ሆነው ወደተከራዩት ክፍል የሚገቡ። ለእነርሱ ከሥራ ሰዓት በኋላ መብራት ያለው አንድ የመረብ ኳስ ሜዳ ጀርባ የሚያቃኑበትም፣ በማያውቁት ከተማ ሰው የሚያውቁበትም ነው። ቀድሞ እንደ ሙገር ሲሚንቶና መተሐራ ስኳር ያሉ ፋብሪካዎች የራሳቸው ቡድን ነበራቸው፤ ያ ልማድ ለሠራተኛው የሰጠው ከዋንጫው የሚበልጥ ነበር። በጦርነቱ ጊዜና ከዚያ በኋላ ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ ደሴና አካባቢዋ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም፣ ከአካባቢው ልጆች ጋር በመጀመሪያ የሚገናኙት ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ነው፤ ኳስ ለመጫወት ማንም የት ተወለድክ ብሎ አይጠይቅም።

ሴት ልጆችን በተመለከተ ሜዳው መኖሩ ብቻ አይበቃም። የሚለብሱበት ክፍል፣ በር ያለው መጸዳጃ፣ ሳይመሽ የሚያልቅ የልምምድ ሰዓትና ወላጅ የሚያምነው አሰልጣኝ ከሌሉ «ለሁሉም ክፍት» የተባለው ሜዳ የወንዶች ሆኖ ይቀራል። እነዚህ ነገሮች ከአንድ ተጫዋች የዝውውር ክፍያ ያነሰ ሊያስወጡ ይችላሉ፤ በዕቅድ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰረዙትም እነርሱ ናቸው።

ገንዘቡ በአግባቡ መዋሉ በምን ይታወቃል?

በጀት ሲጸድቅ የሚነገረው «ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ተመደበ» የሚል ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያስረዳው ቁጥር ሜዳው በሳምንት ስንት ሰዓት ተከፈተ፣ በነዚያ ሰዓታትስ ስንት ሰው ረገጠው የሚለው ነው። በዓመት 20 ቀን የሚከፈት ሜዳና በቀን 8 ሰዓት የሚከፈት ሜዳ ለመሥራት የወጣባቸው ገንዘብ እኩል ቢሆንም፣ ለአንድ ሰው የአንድ ሰዓት ጨዋታ የወጣው ብር ግን በብዙ እጥፍ ይለያያል። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ በሩ ላይ ቆሞ መቁጠር ይበቃል።

እኔም ባለፈው በጋ አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ አደረግሁ። ከሁለቱ ከተሞች በአንዱ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ሜዳ በአዲስ የብረት አጥር ታጥሯል፤ መሬቱ ተደልድሏል፣ የጎሉ መረብ ነጭ ነው፣ በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ከአጥሩ ውጭ፣ በኮብልስቶኑ ላይ፣ ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች በሁለት ድንጋይ መካከል ጎል ያገባሉ። ከሰዓት እስከ ማታ ሜዳውን የረገጠው አንድ ፍየል ብቻ ነበር፤ በየት እንደገባ አላውቅም።

ጥበቃው በዕድሜ የገፉ፣ ጋቢያቸውን የተከናነቡ ሰው ናቸው። «አባባ፣ ለምን አይከፍቱላቸውም?» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ እኔ ጠልቼ መስሎሃል?» አሉኝ፣ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው እያሳዩኝ። «መረቡ ቢበጠስ የሚገዛ የለም፣ አጥሩ ቢነቀል የሚጠግን የለም። ሲሠራ የመጡት ሰዎች ከተመረቀ ወዲህ አልተመለሱም። ብከፍተው የሚጠየቀው እኔ ነኝ፤ ብዘጋው ግን ማንም አይጠይቀኝም።»